ለእንባችን ቦታ ተዉልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ስለ አማርኛ ፊልሞች ሙዚቃ የወጣውን ጽሑፍ፣ እዚህ ደሴ ፒያሳ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጸሐፊው የፊልሞቻችን ሙዚቃ ልብ የማይነካው ገንዘብ ስለሌለ ነው፤ ሙሉ ኦርኬስትራ ማስቀረጽ ብንችል ኖሮ ተመልካቹ ያለቅስ ነበር ይላሉ። ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። በጽሑፉ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ይህ አንዱ ነጥብ ግን በ29 ዓመት የሥራ ዘመኔ በጆሮዬ ከሰማሁት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ደብዳቤዬ ረዘም ቢልም እባካችሁ አትቁረጡት።

እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ደሴ ውስጥ በአንድ የሲኒማ አዳራሽ የፊልም ማሽን አንቀሳቃሽ ነበርሁ። ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከደረጃው በላይ፣ ሁለት ማሽንና አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። አንዱ ጥቅል ፊልም ሃያ ደቂቃ ያህል ይሄድና ሲያልቅ ሌላኛውን ማሽን አስነሥቼ ሥዕሉ ሳይቋረጥ ማሻገር ነበረብኝ። ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል መስታወት አለች። በእርሷ አሾልቄ ሳይ የሚታየኝ የሰው ጀርባና ራስ ብቻ ነው፤ ሰው ሲስቅም ሲያለቅስም ፊቱን አላይም። ስለዚህ ማዳመጥ ለመድሁ።

ከሁሉ ይልቅ የማዳምጠው ቆሎውን ነበር። በዚያ ዘመን ተመልካች ሁሉ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልሎ ይገባል። ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ሲቆረጥም ከላይ ሆኖ ለሚሰማው ዝናብ ሊጀምር ሲል ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ እንደሚለው ነው። ቆሎው ሲቆም ፊልሙ ሰውን እንደያዘ አውቃለሁ። ድብድብ ላይ አይቆምም፤ እንዲያውም ይፈጥናል። የህንድ ፊልም ዘፈን ሲመጣ ሰው ቆሎውን ሳይተው በእግሩ ይመታል። ሙዚቀኞቹ በሙሉ ኃይላቸው የሚጫወቱበት የለቅሶ ትዕይንት ላይ እንኳ ቆሎው ቀዝቀዝ ይላል እንጂ አይቆምም። ፈጽሞ የሚቆመው መቼ እንደሆነ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሙዚቃው ሲሳሳ ነው፤ በተለይ ደግሞ አንድ ፒያኖ ብቻውን ሲቀር።

ለፒያኖ ጆሮዬን የሳለው ራሱ ማሽኑ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ድምፁ ከሥዕሉ ጎን እንደ ቀጭን ሞገድ ታትሞ ይሄዳል። አንዲት ትንሽ አምፖል በዚያ መስመር ላይ ታበራለች፤ ከወዲያ ያለው ዓይን የብርሃኑን መብዛትና ማነስ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ድምፅ ይለወጣል። ፊልሙ በሴኮንድ 24 ሥዕል እያሳለፈ እኩል ካልተጓዘ ድምፁ ይዋዥቃል። ሰው ሲናገር ወይም ቫዮሊን ሲጫወት ይህን መዋዠቅ ጆሮ በቀላሉ አይለየውም፤ የሰውም የቫዮሊንም ድምፅ በተፈጥሮው ይርገበገባልና። ፒያኖ ግን ያጋልጣል። የፒያኖ ድምፅ አንዴ ከተመታ በኋላ አይቀጥንም፣ አይወፍርም፤ ቀጥ ብሎ እየሳሳ ይጠፋል። ማሽኑ ጥቂት እንኳ ቢንገዳገድ ያ ቀጥ ያለ ድምፅ ይወላገዳል፤ አዳራሹም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ አንድ ነገር እንደተበላሸ ይሰማዋል። ስለዚህ ፒያኖ ያለበት ፊልም የሚታይ ዕለት ከቀትር ጀምሬ ማሽኑን ስፈታ፣ ስወለውልና ዘይት ስቀባ እውል ነበር። ያንን ድምፅ ሳይሰበር ለሕዝቡ ማድረስ የእኔ አደራ ነበር።

አንድ የሐምሌ ምሽት አይረሳኝም። የአዳራሻችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት በደሴ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ዝናቡ ሲወርድ ከፊልሙ አንድ ቃል አይሰማም። ሰው ግን አይወጣም፤ ከጦሳ የወረደው ጉም በር ላይ ስለሚጠብቀው ውስጡ ይሻለዋል። ያን ዕለት የሚታየው የውጭ አገር ፊልም ነበር። አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ቆማ ደብዳቤ ታነባለች። በዚያ ቅጽበት ዝናቡ ቀጥ አለ፤ የደሴ ዝናብ እንደሚያደርገው፣ ባንድ ጊዜ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ፒያኖ ብቻ ነበር። አራት ድምፅ፣ ዝምታ። ያው አራት ድምፅ፣ ዝምታ። ሴትየዋ አታለቅስም፣ አትናገርም። ፊልሙ ትርጉም ስላልነበረው ደብዳቤው ምን እንደሚል ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። ቆሎው ቆመ። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት፣ ያለ ፉጨት ፊልም አይተው የማያውቁት ልጆች እንኳ ጸጥ አሉ። ከመሐል አንድ ሰው ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ።

ሰው ሲወጣ ደረጃው ሥር ቆሜ ነበር። ሸዋ በር ሱቅ የነበራቸው አንድ አዛውንት፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ወደ እኔ ቀርበው «ልጄ፣ ለመሆኑ ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ። በፊልሙ ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት ወንድማቸውን ቀብረዋል። ሰው በተሰበሰበበት ዓይናቸው እንባ እንዳላወጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ያ ደብዳቤ ምን ብሎ እንደተጻፈ እርሳቸው በራሳቸው ልብ ሞልተውት ነበር። ይህን ለማድረግ የቻሉት ሙዚቃው ቦታ ስለተወላቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ አሰብሁበት። ፒያኖ መዶሻ ክር የሚመታበት መሣሪያ ነው። ማሲንቆ ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ድምፁን ማቆየት፣ ማሳደግም ይችላል፤ ዋሽንትም ትንፋሽ እስካለ ድረስ እንዲሁ። የፒያኖ ድምፅ ግን ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ መሞት ይጀምራል። ተጫዋቹ በእግሩ መርገጫውን ተጭኖ ሊያዘገየው ይችል ይሆናል እንጂ ሊመልሰው አይችልም። ብዙ ድምፅ ሲደራረብ አንዱ የሌላውን መጥፋት ይሸፍነዋል። ጥቂት ብቻ ሲመታ ግን እያንዳንዱ ሲሄድ ይሰማናል፤ ሲሄድ ስንሰማ ደግሞ የሚቀጥለውን መጠበቅ እንጀምራለን። በዚያች መጠበቂያ ውስጥ የየራሳችን ሰው፣ የየራሳችን ነገር ይገባል።

ይህ ፈረንጅ ያስተማረን ጥበብ የሚመስለው ካለ ወሎ ለቅሶ ቤት ይምጣ። የእናቴ አገር ሐይቅ አጠገብ ነው። ልጅ ሳለሁ እዚያ የሰማኋት አንዲት አልቃሽ ነበረች። መሐል ቆማ ሁለት ስንኝ ጣል ታደርጋለች፦

በሩ ክፍት ነው፣ ዛሬም አልተዘጋ፣
ምናልባት ብትመጣ ሌሊቱ ሳይነጋ።

ከዚያ ዝም ትላለች። ሰው የሚያለቅሰው ስንኙ ላይ አይደለም፤ ስንኙን ተከትሎ በሚመጣው ዝምታ ውስጥ ነው። ስንኙ ገብቶ፣ የሟች እናት የተከፈተውን በር ዞራ አይታ፣ ከዚያ ነው ድንኳኑ የሚፈርሰው። ያች ሴት ዝምታውን ስንት ያህል ማቆየት እንዳለባት ታውቅ ነበር። ስንኝ በስንኝ ላይ የምትደራርበውን አልቃሽ ሰው ያዳምጣታል፣ ያደንቃታልም፤ እንባው ግን አይመጣም።

መንዙማም ሌላውን ትምህርት ሰጥቶኛል፤ ድግግሞሽን። አውጪው ግጥሙን ይለዋውጣል፤ ተቀባዩ የሚመልሰው ግን ያንኑ አዝማች ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ። ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈልቶ፣ እጣኑ አልቆ፣ አዝማቹ አልተለወጠም። የተለወጠው ሰሚው ነው። አመሻሽ ላይ እንደ ዘፈን የሰማሁትን አዝማች ንጋት ላይ ስሰማው አንገቴን ደፍቼ ነበር። በፊልም ውስጥ ያች አራት ድምፅ የምትመላለስ ፒያኖም የምትሠራው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ልጅቷ ስትስቅ ሰማናት፤ በመጨረሻ ወንበሯ ባዶ ሆኖ ስንሰማት፣ ኖታዋ ሳይለወጥ ትርጉሟ ሁሉ ተለውጧል።

አሁን ወደ ራሳችን ፊልሞች ልምጣ። ባለፈው ወር ልጄ ወስዳኝ አንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም አየሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ የብዙዎቹ ችግር ስለሆነ በአንዱ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። እናት በር ከፍታ የልጇን መርዶ ትሰማለች። ተዋናይቷ ድንቅ ናት። አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣትም፤ እጇ መቀነቷን ሲፈልግ አጣው። እንዲህ ያለ ትወና በዕድሜዬ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ነገር ግን ይህን ለማየት መታገል ነበረብኝ። መርዶ ነጋሪዎቹ ገና ግቢውን ሳይረግጡ የኪቦርድ ቫዮሊን ተለቆብናል፤ ማዘን እንዳለብን ከእናትየው በፊት ተነገረን። ቫዮሊኑ ላይ ዋሽንት፣ ዋሽንቱ ላይ ከበሮ፣ በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ የሴት እንጉርጉሮ ተጨመረ። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን አወጣ። አልፈረድሁበትም፤ ማዘኑን ሙዚቃው ጨርሶለታል፣ ለእርሱ የቀረ ሥራ አልነበረም። ያቺን እናት ግን አሳዘነችኝ። የሠራችው ሁሉ ከድምፁ ሥር ተቀበረ።

የልጄ ጓደኛ የሆነ፣ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለፊልሞች ድምፅ የሚያቀናብር ወጣት አለ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ዝምታ ያስገባሁ ዕለት ፕሮዲውሰሩ ድምፁ ተቆርጧል ብሎ ይመልስልኛል» አለኝ። አንድ ጊዜ ለአንድ የመለያየት ትዕይንት ሦስት የፒያኖ ኖታ ብቻ የሚመላለስበት ሙዚቃ ሠርቶ ነበር። ገና ያላለቀ ሥራ ነው ተባለ፤ ቫዮሊንና ከበሮ እንዲጨምርበት ተደረገ። ክፍያው አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። የዓምዳችሁን ጸሐፊ በአክብሮት ልጠይቃቸው፦ እዚህ ላይ የጎደለው ገንዘብ ነውን? ሦስቱ ኖታ እኮ ከሁሉም ርካሹ ነበር። የጎደለው ተመልካቹን የሚያምን ሰው ነው።

ገንዘብ የሞላላቸው አገሮች እንኳ ከልብ የሚነካውን ነገር ብዙ ጊዜ ያገኙት ከጥቂቱ ነው። ፈረንሳዊው ኤሪክ ሳቲ ጂምኖፔዲ የተባሉትን ሦስት አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1888 ሲጽፍ ሲኒማ የሚባል ነገር ገና አልነበረም፤ ዛሬ ግን ፊልም ውስጥ ይሰማሉ። ይኸው ሰው በ1924 ለሬኔ ክሌር አጭር ፊልም ሙዚቃ ሲያዘጋጅ፣ ሥዕሉ እስኪያልፍ ድረስ ሊደጋገሙ በሚችሉ አጫጭር ሐረጎች ነው የጻፈው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የማሽን ክፍሉን ችግር የተረዳ ሙዚቀኛ ነበር ማለት ነው። የኢስቶኒያው አርቮ ፔርት በ1978 ለቫዮሊንና ለፒያኖ በጻፈው ሥራ ውስጥ ፒያኖው ሦስት ሦስት ድምፅ እየነጣጠለ ከመመላለስ በቀር ብዙም ሥራ የለውም፤ ፊልም ሠሪዎች ግን ደጋግመው ተውሰውታል። የጣሊያኑ ሉዶቪኮ ኢናውዲም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው፣ አካሉ የማይታዘዝለትን ባለጸጋና አስታማሚውን በሚያሳየው የፈረንሳይ ፊልም የተሰሙት የፒያኖ ሥራዎቹ ለዚያ ፊልም የተጻፉ አልነበሩም። ለሌላ ነገር ተሠርተው የማንም ሰው ታሪክ ውስጥ ሲገቡ የሚስማሙት ውስጣቸው ክፍት ቦታ ስላለ ነው።

ከውጭዎቹ ሁሉ ብዙ ያሳሰበኝ ግን ጄን ካምፒየን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣችው «ዘ ፒያኖ» የተባለው ፊልም ነው። መናገር የተወች አንዲት ስኮትላንዳዊት ልጇንና ፒያኖዋን ይዛ ወደ ኒውዚላንድ ትሄዳለች፤ አፏም ምላሷም ያ ፒያኖ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ማይክል ናይማን፣ ቀድሞ የሙዚቃ ሐያሲ ሳለ በ1968 «ሚኒማል» (በጥቂት ነገር የሚሠራ) የሚለውን ቃል ለሙዚቃ ከተጠቀሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። እዚህ ፊልም ውስጥ የተጫዋቿ ጣቶች ይሮጣሉ እንጂ ድምፁ ጥቂት አይደለም፤ ጥቂቱ ሐሳቡ ነው፤ ያው ዜማ እየዞረ ይመጣል። ተዋናይቷ ሆሊ ሃንተር ፒያኖውን በራሷ እጅ ተጫውታለች፤ በዚያ ትወናዋም ኦስካር አግኝታለች። ናይማን ዜማውን ሲፈልግ ወዴት ሄደ? ሴትየዋ ስኮትላንዳዊት ስለሆነች ወደ ስኮትላንድ የሕዝብ ዘፈኖች። ታላቅ ደራሲ ሆኖ ሳለ የገጸ ባሕርይዋን እናት ቤት አንኳኳ። ይህን ስረዳ ያሰብሁት ስለ ባቲና ስለ አምባሰል ነው።

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት። አምባሰል ከሐይቅ በስተሰሜን ያለው አገራችን ነው። የሁለቱም ስም የቅኝት ስም ነው፤ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር የሙዚቃችን አራት ምሰሶዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ክራር ይደረድራሉ፤ አንድ ምሽት አምባሰልን በቀስታ፣ በአንድ ጣት አሳዩኝ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ድምፅ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሰፊ ገደል መሻገር አለ። ባቲን ሲያሰሙኝ ደግሞ ዝላዩ ገና ከመነሻው መጣ። ክፍተቱ የተሠራው ቅኝቱ ውስጥ ነው፤ ከሌላ የምንበደረው አይደለም። የፒያኖ ቁልፍ እንደ ክራር ክር በጆሮ አይቃኝምና ቅኝቶቻችንን ሙሉ በሙሉ አይሸከም ይሆናል። እንዴት ሊሸከም እንደሚችል ግን አንዲት ኢትዮጵያዊት አሳይተውናል፤ ያውም እግራቸው የወሎን ድንጋይ የረገጠ።

አንድ እሑድ ልጄ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ይህን ስማልኝ» አለችኝ። ጋሬት ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረበችው «ታይም» የተባለ የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ባሏ 60 ዓመት የተፈረደበት ሴት ልጆቿን እያሳደገች፣ የቤቷን ኑሮ በትንሽ ካሜራ እየቀረጸች፣ እርሱን ለማስፈታት ሃያ ዓመት ያህል ስትታገል ያሳያል። ከሥዕሉ ሥር ፒያኖ ይሰማል። ይጣደፍና ይቆማል፤ እንደ ምንጭ ይወርድና ይቆማል። ሴትየዋ ስልክ ይዛ የፍርድ ቤት መልስ ትጠብቃለች፤ ትሕትናዋን ሳትለቅ፣ ደግማ ደጋግማ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ዜማው የእኛ ነው። ከሉዊዚያናዋ ሴት ጀርባ ሆነው የሚያጽናኗት እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ነበሩ።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድል ተገኝቶላቸው ሳለ ያ ዕድል ተከለከለባቸው። ያን ጊዜ ዓለምን ትተው የመጡት ወደ እኛ አገር፣ ወደ ግሸን ማርያም ነው። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው፣ ያለ ፒያኖ፣ በዚያ አምባ ላይ ኖሩ። በኋላ ወደ ሙዚቃው ሲመለሱ፣ በ1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ጀርመን ውስጥ ያስቀረጹት ዲስክ ገቢው ለችግረኞች እንዲውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራዎቻቸው ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበም ቅጽ 21 ተሰባስበው ዓለም ሰማቸው። ከ«ታይም» በኋላ በተከታዩ ዓመት ሬቤካ ሆል፣ በ1920ዎቹ የኒውዮርክ ሃርለም ላይ በሠራችው «ፓሲንግ» የተባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ እማሆይ ቤት አልባ ተንከራታች የሚል ትርጉም ባለው ስም የጠሩትን ሥራ ደጋግማ አሰማችው። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ልጅ ሳለሁ ግን እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ለመስከረም 21 ግሸን ሲወጡ ስንቃቸውን ተሸክሜ እስከ አምባው ግርጌ ሸኝቻቸዋለሁ። ከላይ የደወል ድምፅ ወረደ። አንድ ጊዜ ተመታ፤ ገደሉ ተቀበለው፣ አሳሳው፣ ወሰደው። ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ እትዬ እግራቸውን አንሥተው አላሳረፉም፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆምሁ። የእማሆይ ሙዚቃ ከዚያ ደወል መጣ አልልም፤ የሚያውቁት እርሳቸውና ፈጣሪ ናቸው። ነገር ግን ከአንዱ ድምፃቸው ቀጥሎ ሌላው ሳይመጣ በሚቆዩባት ቦታ ሁሉ ያን የአምባ ግርጌ እሰማዋለሁ። እነዚያ የውጭ አገር ፊልም ሠሪዎች ይህን ፍለጋ ባሕር አቋርጠው መጡ። የእኛዎቹ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቷቸው ኪቦርዱ ላይ ያለውን የቫዮሊን ቁልፍ ይጫናሉ። ይህ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ማንኛውም ፊልም በፒያኖ ይሠራ እያልሁ አይደለም። ጦርነት፣ ሠርግ፣ ሰፊ አገር የሚያሳይ ፊልም ትልቅ ድምፅ ሊፈልግ ይችላል፤ ትልቅ ኦርኬስትራ የሰማሁበትንም ምሽት እወደዋለሁ። ደግሞ ሌላ አደጋ አያለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከኢንተርኔት የተወሰደ አሳዛኝ ፒያኖ በማስታወቂያውም፣ በእርዳታ ጥሪውም፣ በዜናውም ሥር እየተለጠፈ ነው። እርሱም እንደ ቫዮሊኑ ያው መሙያ ነው። ፒያኖ በራሱ ቅዱስ አይደለም። ያ የኮምቦልቻ ልጅ ሦስቱን ኖታ በክራር ወይም በበገና ቢሠራቸው ኖሮ ያው ነገር በሆነ ነበር፤ የምጠይቀው ማቆም የሚችል እጅ ነው።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ስለ ፊልም ስትጽፉ የዳይሬክተሩንና የተዋንያኑን ስም ታወጣላችሁ፤ ሙዚቃውን የሠራው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስሙን ጻፉልን። የት ላይ ድምፅ እንዳበዛ፣ የት ላይ እንደታገሠ ጠይቁት። ያ ልጅ የሠራቸውን ሦስት ኖታዎች የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እንዳለ ፕሮዲውሰሩ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ሳይነኩ ይቀሩ ነበር።

ፊልም ሠሪዎቻችን ደግሞ የመርዶውን ትዕይንት ሙዚቃ ሳታስገቡበት፣ ከዚያም በሦስት ኖታ ብቻ፣ ለማታውቁት ሰው አሳዩት። ለሙያ ጓደኞቻችሁ ሳይሆን ገበያ ውሎ ለደከመው ሰው። ደሴ ብታመጡት አዳራሽ እፈልግላችኋለሁ፤ ቆሎውንም እኔ እገዛለሁ። እኔ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር እቀመጥና ቆሎው የት ላይ እንደቆመ እነግራችኋለሁ።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የሲኒማ ማሽን አንቀሳቃሽ
ከደሴ